ስለ ተቈረጠ አካል ዳግመኛ መብቀል

በመተማና በቋራ በረሓ የሚበቅለው የእጣን ዛፍ በየዓመቱ በበጋ ወራት ይቈስላል። እጣን ለቃሚው ሚንጋፍ በሚባለው መሣሪያ የግንዱን ቅርፊት ጥቂት ይልጠዋል፤ ዛፉም ከቍስሉ ነጭ ሙጫ ያፈሳል፤ ሙጫውም ደርቆ ከተለቀመ በኋላ በየቤተ ክርስቲያኑ ጽንሐ ውስጥ ገብቶ ይጤሳል። ዛፉ በልክ የቈሰለ እንደ ሆነ ቍስሉን ራሱ በአዲስ ቅርፊት ይዘጋዋል፤ ቍስሉ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ግን ኃይሉ ይደክማል። ቅርንጫፉ በመጥረቢያ የተመለመለ ዛፍም ዝናም ሲመጣ መልሶ ያቈጠቍጣል። ሰው ግን በዚህ ነገር ከዛፍ ያንሳል። እጁ ወይም እግሩ የተቈረጠ ሰው፥ ቍስሉ ቢድንለትም፥ የቀረውን ዘመኑን ጐዶሎ ሆኖ ይኖራል።

ይህ ጕድለት በየትም አገር ከባድ ነው፤ ይልቁንም በገንዳ ውሃና በአካባቢው እጅግ የከበደ ነው። የምዕራብ ጎንደር ቆላ ሰሊጥ፥ ጥጥና ማሽላ የሚዘራበት ሰፊ አገር ነው። ሰሊጡ በደረሰ ጊዜ ከደጋው ብዙ ሺሕ ጐልማሶች ማጭዳቸውን ይዘው ይወርዳሉ። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ቀን አይሰጥም፤ ፍሬው ተፈልቅቆ ይረግፋልና። ሠራተኛውም ጎንበስ ብሎ፥ ብዙ ጊዜም ጫማ ሳይኖረው፥ ከንጋት እስከ ማታ ያጭዳል። ሀብቱ እጁና እግሩ ብቻ ነው። ከእነዚህ አንዱን ያጣ እንደ ሆነ የሚያጣው አካሉን ብቻ አይደለም፤ የቤተ ሰቡን እንጀራም ጭምር ነው። በዚያ አገር ደግሞ አካልን የሚያሳጣ ነገር ብዙ ነው፤ እባቡ አለ፥ እሾኹ አለ፥ ማጭዱና የእርሻው መኪና አለ፥ ጥይትም አለ። መተማ በ1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት አፄ ዮሐንስ ቈስለው ያረፉበት ምድር እንደ መሆኑ መጠን የቍስል ነገር በዚያ አዲስ ታሪክ አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ዛፍ የሚችለውን፥ እንሽላሊትም በጅራቱ የሚያደርገውን፥ ሰው ስለ ምን አይችለውም? የተቈረጠው አካል ተመልሶ እንዲበቅል ማድረግስ ይቻላልን? ይህ ጥያቄ ለብዙዎች የተረት ነገር መስሎ ይታያል። ነገር ግን ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሊቃውንት በብርቱ የሚመራመሩበት ሥራ ነው፤ ሕይወታቸውንም በሙሉ ለዚሁ የሰጡ ሰዎች አሉ። ስለ እነርሱ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት በኤውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ምርምሩን ከጀመሩት ሰዎች ስመ ጥሩው የኢጣልያ ቄስ የነበሩት ላዛሮ ስፓላንዛኒ ናቸው። እኚህ ካህን የተፈጥሮን ነገር መመርመር ይወዱ ነበርና፥ ሰላማንድራ የሚባለውን መልኩ እንሽላሊት የሚመስል፥ ኑሮው በውሃና በርጥብ ምድር የሆነ እንስሳ ወስደው እግሩን ቢቈርጡት እግሩ ከነአጥንቱ፥ ከነሥጋውና ከነጣቶቹ ዳግመኛ በቀለ። ይህንንም በ1768 ጽፈው ለዓለም አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ሊቃውንት ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ደረጃ በደረጃ ገለጡ። የሰላማንድራው እግር በተቈረጠ ጊዜ መጀመሪያ ቆዳው ፈጥኖ ቍስሉን ይሸፍነዋል፤ ከቆዳው በታችም ሕዋሳት ተሰብስበው የቡቃያ ጕብር የሚመስል ነገር ይሠራሉ፤ ያም ጕብር ጥቂት በጥቂት እያደገ የጐደለውን ብቻ፥ ሳይጨምርም ሳያጐድልም፥ ይሞላል። ከክንዱ የተቈረጠ ክንድ ያበቅላል፤ ከአንጓው የተቈረጠም መዳፍና ጣት ብቻ ያበቅላል። አሜሪካዊው ሊቅ ማርከስ ሲንገር ደግሞ በሃያኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ለዚህ ሥራ ነርቭ እጅግ አስፈላጊ መሆኑን፥ ነርቭ የተቋረጠበት ጕብርም ማደግ የማይችል መሆኑን አስረዱ።

ሰላማንድራ ግን ደሙ ቀዝቃዛ የሆነ ታናሽ ፍጥረት ነው። ጡት በሚያጠቡ እንስሳት ዘንድ፥ ይኸውም በላም፥ በውሻ፥ በአይጥና በሰው ዘንድ፥ እንዲህ ያለ ነገር ከቶ የለም ተብሎ ለብዙ ዘመን ሲታመን ቈየ። በሰሜን አገሮች ያለ ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጋ አጋዘን በየዓመቱ ቀንዱን አራግፎ አዲስ ማብቀሉ የታወቀ ነበር። በኢትዮጵያ ያሉት ድኩላና ኒያላ ግን ቀንዳቸው አንድ ጊዜ ከተሰበረ እንደ ተሰበረ ይቀራል። ስለዚህ የሰሜኑ አጋዘን ነገር ከሥርዓት የወጣ እንግዳ ነገር ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ይህን አሳብ ያናወጠው ነገር የተገኘው ከሕፃናት ሕክምና ቤት ነው። ሲንቲያ ኢሊንግዎርዝ የሚባሉ እንግሊዛዊት ሐኪም በሼፊልድ ከተማ ሲሠሩ ጣታቸው በበር ተቀጥቅጦ ጫፉ የተቈረጠ ልጆች ብዙ ይመጡላቸው ነበር። ሐኪሟም እንደ ልማዱ ቍስሉን በቆዳ ከመስፋት ይልቅ አጽድተው በቀላል ጨርቅ ብቻ ቢሸፍኑት የልጆቹ ጣት ጫፍ ከነጥፍሩ ተመልሶ በቀለ። ይህንንም በ1974 አሳተሙ። በ1982 ደግሞ ሪቻርድ ቦርገንስ የሚባሉ አሜሪካዊ ሊቅ የአይጥ ጣት ጫፍም እንዲሁ እንደሚበቅል ገለጡ። እንግዲህ ችሎታው ጡት ከሚያጠቡ እንስሳት ጨርሶ ያልጠፋ፥ ነገር ግን በጥፍር ሥር በምትገኝ ጠባብ ስፍራ ብቻ የቀረ መሆኑ ታወቀ። ከጥፍሩ ሥር በላይ የተቈረጠ ጣት ግን በአይጥም በሰውም ጠባሳ ሠርቶ ይቀራል። በአንድ ጣት ላይ ጥቂት ስንዝር ሳይሆን ጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ የመዳንንና የመጕደልን ዕድል የምትለይ ሆነች።

በዚህች ጥቂት ስፍራ ላይ ብዙ የሥራ ዘመናቸውን ካዋሉት ሊቃውንት አንዱ ዶክቶር ኬን ሙኒዮካ ናቸው። እኚህ አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቴ በኧርቫይን ከተማ የስመ ጥሩዪቱ የሱዛን ብራያንት ደቀ መዝሙር ሆነው ምርምራቸውን በሰላማንድራ ወገን ላይ ጀመሩ። በ1982 ከመምህራቸው ጋር ኔቸር በሚባለው የሊቃውንት መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ ለኋለኛው ሥራቸው ሁሉ መሠረት ሆነ። ይኸውም በጽንስ ጊዜ እግርን የሚሠራው ሥርዓትና ከተቈረጠ በኋላ እግርን መልሶ የሚያበቅለው ሥርዓት አንድ ነው የሚል ነበር። ይህ ነገር ለሰው ትልቅ ተስፋን የያዘ ነው። ማናቸውም ሰው በእናቱ ማኅፀን ሳለ እጅና እግርን አንድ ጊዜ ሠርቷልና፥ የሥራው ዕውቀት በሕዋሳቱ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል ማለት ነው። የጐደለው ዕውቀቱ ሳይሆን ዕውቀቱን ዳግመኛ የሚቀሰቅሰው ነገር ነው።

ዶክቶር ሙኒዮካ ከዚህ በኋላ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ወደሚገኘው ወደ ቱሌን ዩኒቨርሲቴ ሄደው ከሰላማንድራ ወደ አይጥ ተሻገሩ። መሻገሩ ቀላል አልነበረም። ሰላማንድራው ሁሉን የሚያበቅል ስለ ሆነ ለመርማሪው በየቀኑ አዲስ ነገር ያሳየዋል፤ አይጧ ግን ከጣቷ ጫፍ በቀር ምንም አታበቅልም። ስለዚህ መርማሪው ብዙ ዓመት የሚያየው እንቢታን ነው። እርሳቸው ግን ከእንቢታው ውስጥ ትምህርት ፈለጉ። አንዱ የአይጥ ጣት አጥንት በጫፉ ሲቈረጥ ይበቅላል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው አጥንት ሲቈረጥ ግን አይበቅልም፤ ሁለቱም በአንድ ጣት ላይ፥ በአንድ ደምና በአንድ ዕድሜ ናቸው። እንግዲህ የሁለቱ ልዩነት ምንድር ነው? ብለው ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራቸው አብዛኛው የዚህ አንድ ጥያቄ ማብራሪያ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከዚህ ሥራ የተገኘው ፍሬ በአጭሩ የሚከተለው ነው። በ2003 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጽሑፍ፥ አንድ የዘር ጓል የጐደላቸው የአይጥ ጽንሶች የጣታቸውን ጫፍ ማብቀል እንደሚሳናቸው አሳዩ። ነገር ግን ቢ.ኤም.ፒ. 4 የሚባለው አካል ራሱ የሚሠራው ንጥረ ነገር በቍስሉ ላይ የተጨመረላቸው እንደ ሆነ የጠፋው ችሎታ ተመለሰ። ቀጥለውም ያደገች አይጥ ጣት ጫፍ ሲቈረጥ የሚሆነውን በየቀኑ ተመለከቱ። ያዩት ነገር ያልተጠበቀ ነበር። ከመብቀሉ በፊት ጣቱ ይበልጥ ያጥራል። አጥንት የሚበሉ ሕዋሳት መጥተው የተቈረጠውን አጥንት ያጠፉታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቆዳው የሚዘጋው፥ ቡቃያውም የሚሠራው፥ አዲሱም አጥንት የሚያድገው። አሮጌውን ቤት እስከ መሠረቱ ሳያፈርሱ አዲሱን እንደማይሠሩ ግንበኞች ማለት ነው። ሥራውም በአንድ ወር ያህል ጊዜ ይፈጸማል።

ከዚያም ከባዱን ፈተና ያዙ፤ ይኸውም ፈጽሞ የማይበቅለውን ሁለተኛውን የጣት አጥንት ማስበቀል ነበር። ቢ.ኤም.ፒ. 2 በሚባለው ንጥረ ነገር የተነከረች እጅግ ታናሽ ዶቃ በቍስሉ ውስጥ ቢያኖሩ የተቈረጠው አጥንት ሥርዓቱን ጠብቆ ረዘመ። ነገር ግን አጥንት ብቻ በቀለ እንጂ መጋጠሚያ አልበቀለም። መጋጠሚያ የሌለው ጣት ደግሞ እንጨት ነው፤ አይታጠፍም። በ2019 በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቴ ሆነው ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር እንዳሳተሙት፥ ከቢ.ኤም.ፒ. 2 በኋላ ሌላውን ቢ.ኤም.ፒ. 9 የሚባለውን በጊዜው ቢጨምሩበት በመጋጠሚያ ላይ የሚገኘው ለስላሳው አጥንትና የመጋጠሚያው ክፍተት ጭምር ተሠራ። ቅደም ተከተሉ የጠፋ እንደ ሆነ ግን ውጤቱ ያው አይሆንም። ዜማውን የሚያውቅ መሪጌታ ምልክቱ ከቦታው ሲዛወር ዜማው እንደሚበላሽ ያውቃል፤ የአካልም አሠራር እንዲሁ ነው።

ሥራው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ መሆኑ የታወቀ ነው። የአሜሪካን መንግሥት የጦር ሚኒስቴር በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነት እጅና እግራቸውን ያጡ ወታደሮች በበዙበት ጊዜ ለዚህ ምርምር ገንዘብ ሰጥቶ ልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቴዎችን በአንድነት አሠርቷል፤ የዶክቶር ሙኒዮካም ጓድ ከእነዚያ መካከል ነበረ። በ2008 እርሳቸው፥ ማንጆንግ ሀንና ዴቪድ ጋርዲነር ለሕዝብ በሚገባ ቋንቋ ሳይንቲፊክ አሜሪካን በሚባለው መጽሔት የሰው እጅና እግር አንድ ቀን ሊበቅል እንደሚችል ጻፉ። ይህ ከተጻፈ ብዙ ዓመት አልፏል። የአንድም ሰው ክንድ ወይም እግር እስከ ዛሬ አልበቀለም። ሊቃውንቱም ይህን አይሸሽጉም።

አሁን ነገሩ ወደ አፍሪቃ፥ ከገንዳ ውሃም ሩቅ ወዳልሆነ አገር ይመለሳል። በደረቅና ድንጋያማ ቆላ፥ ከግብጽ ጀምሮ በሱዳንና በኢትዮጵያ አልፎ እስከ ኬንያና ከዚያም ወዲያ፥ ጀርባዋ ላይ እሾኽ የመሰለ ጠጕር ያላት አይጥ ትኖራለች። ዝርያዋ ብዙ ነው። ለገበሬው ከሌላው አይጥ አትለይም፤ ያያትም እንደ ሆነ በዱላ ያሳድዳታል። ይህች እሾኻም አይጥ ግን አውሬ ሲይዛት ቆዳዋን በአፉ ትታለት ታመልጣለች። ቆዳዋ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው፤ ከተራ አይጥ ቆዳ ሃያ እጅ ያህል ደካማ መሆኑ ተለክቷል። ከጀርባዋ ቆዳ እስከ 60 በመቶ የሚሆነውን አጥታ የምትተርፍም አለች።

ዶክቶር አሽሊ ሳይፈርት የሚባሉ ወጣት አሜሪካዊ ሊቅ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቴ በማልኮም ሜደን ሥር ሲሠሩ የዚህችን አይጥ ወሬ ሰምተው ወደ ኬንያ መጡ። በላይኪፒያ አገር ከድንጋዩ መካከል አይጦቹን እያጠመዱ፥ ከናይሮቢ ዩኒቨርሲቴው ሊቅ ከስቲቨን ኪያማ ጋር ሆነው መረመሩ። የሆነውም ነገር እንዲህ ነው። የተራ አይጥ ቆዳ ሲቈስል ጠባሳ ይሠራል፤ ጠጕርም አይበቅልበትም። የእሾኻሚቱ አይጥ ቍስል ግን በጥቂት ቀን ይሸፈናል፤ ቆዳው፥ ጠጕሩና የቅባት ዕጢው ሁሉ ያለ ጠባሳ ተመልሶ ይመጣል። በጆሯዋ ላይ አራት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ቢበሱባት ቀዳዳው ከነለስላሳው አጥንት ሞልቶ ይዘጋል፤ በዚያም ላይ የሰላማንድራውን ቡቃያ የሚመስል ነገር ታየ። ይህ ጽሑፍ በ2012 በኔቸር መጽሔት በወጣ ጊዜ የዓለም ሊቃውንት ሁሉ ወደ አፍሪቃ ቆላ ተመለከቱ። ጡት የምታጠባ፥ ደሟ የሞቀ፥ ከሰው ጋር በአንድ ወገን የምትቈጠር እንስሳ ያለ ጠባሳ ልትድን እንደምትችል ተረጋግጧልና።

ዶክቶር ሳይፈርት ከዚያ ወዲህ በኬንታኪ ዩኒቨርሲቴ መምህር ሆነው ምርምራቸውን ቀጠሉ። በ2017 ከባልደረቦቻቸው ጋር እንዳስረዱት ቍስልን የሚያጸዱት፥ ባዕዱን ነገር የሚውጡት የደም ጠባቂ ሕዋሳት በእሾኻሚቱ አይጥ ከሌሉ ጆሮዋ መብቀል አይችልም። እንግዲህ ጠባሳን የሚያመጣውም ጠባሳን የሚከለክለውም በአንድ የሕዋስ ሠራዊት አመራር ላይ ያለ ነገር ሊሆን ነው። ኬንያዊው ባልደረባቸው ኪያማ በ2020 የናይሮቢ ዩኒቨርሲቴ አለቃ ሆነው ተሾመዋል። አፍሪቃዊው ሊቅ በዚህ ታላቅ ሥራ ላይ ስሙን ያጻፈው እንስሳዪቱን ለውጭ ሰው አጥምዶ በመስጠት ብቻ ሳይሆን በመመርመሩም ጭምር መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ነገር ግን መጠንን ማወቅ የጥበብ መጀመሪያ ነው። እሾኻሚቱ አይጥ ቆዳንና ጆሮን ታበቅላለች እንጂ የተቈረጠ እግርን አታበቅልም። የዶክቶር ሙኒዮካም አይጦች ሙሉ እግር አላበቀሉም። የሰው ክንድ ከአይጥ ጣት ጋር ሲመዛዘን ብዙ ሺሕ እጅ ይበልጣል፤ ሥጋው፥ ደም ሥሩ፥ ነርቩና ጅማቱ በየቦታው መግጠም አለበት፤ ለማደግም ዓመታት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ማናቸውም ሰው በመድኃኒት፥ በሥር ወይም በመርፌ የተቈረጠ እጅና እግር አበቅላለሁ ብሎ ገንዘብ የጠየቀ እንደ ሆነ ያ ሰው አታላይ ነው። በዓለም ላይ ይህን ያደረገ ሐኪም የለም። ተስፋ የተራበ ሰው ደግሞ ለመታለል የቀረበ ነውና፥ ይህን እውነት ለሕዝብ መንገር የሹሙም የካህኑም ፋንታ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ምርምር ለገንዳ ውሃ ሰው ምን ይጠቅመዋል? የሚል ሰው ቢኖር ጥያቄው የተገባ ነው። መልሱም ምርምሩ ካስተማረው ከአንድ ነገር ይጀምራል። አካል የሚድነው ወይም የሚጐድለው አደጋው በደረሰበት ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ከአደጋው በኋላ ባሉት ቀናት ቍስሉ በተያዘበት አኳኋን ነው። የሼፊልዷ ሐኪም ጣት ያዳነችው አዲስ መድኃኒት አግኝታ ሳይሆን ቍስሉን በንጽሕና ጠብቃ፥ ከማያስፈልገውም ነገር እጅዋን ሰብስባ ነው። የማይበቅል አካል ላለው ለሰው ልጅ ትልቁ ሕክምና አካሉ እንዳይቈረጥ መጠበቅ ነው።

በምዕራብ ጎንደር ቆላ ይህን የመሰለ ጥበቃ የሚያሻው ቢያንስ በሁለት ነገር ነው። አንደኛው የእባብ ንድፊያ ነው። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ እባብ የነደፈውን ሰው ጓደኞቹ እግሩን በገመድ አጥብቀው ያስሩታል፤ ቍስሉን በምላጭ ይበጡታል፤ መርዙን በአፍ ለመምጠጥ ይሞክራሉ። ይህ ሁሉ የሚደረገው በፍቅር ነው፤ ነገር ግን ይጐዳል። ጠብቆ የታሰረ እግር ደም አጥቶ ይሞታል፤ የተበጣውም ይመረቅዛል፤ መርዙ ያልገደለውን እግር ገመዱ ይገድለዋል። የሚገባው የተነደፈውን ሰው አረጋግቶ፥ እግሩን ሳያንቀሳቅስ በቃሬዛ አድርጎ ፈጥኖ ማርከሻ ወዳለበት ሕክምና ቤት ማድረስ ነው። በምዕራብ አርማጭሆ በአብዱራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚባለው ማኅበር ለብዙ ዓመታት ካላዛርንና የእባብ ንድፊያን ሲያክም የኖረው ችግሩ በዚያ አገር የበረታ ስለ ሆነ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2017 የእባብ ንድፊያን ቸል ከተባሉት የቆላ በሽታዎች ቍጥር አግብቶታል።

ሁለተኛው የማዱራ እግር የሚባለው በሽታ ነው። በባዶ እግሩ የሚሄድ ገበሬ ወይም እረኛ እሾኽ ይወጋዋል፤ በእሾኹም ላይ ያለው ሻጋታ ወይም ተሕዋስ ከቆዳው በታች ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ እግሩ ሳያመው ቀስ ብሎ ያብጣል፤ ከዓመታትም በኋላ ቀዳዳ አውጥቶ ፍሬ የመሰለ ነገር ያፈሳል፤ በመጨረሻም አጥንቱን ይበላዋል። የማያም ስለ ሆነ በሽተኛው ወደ ሐኪም የሚመጣው ከመቍረጥ በቀር ሌላ መፍትሔ በጠፋ ጊዜ ነው። ከድንበሩ ማዶ በካርቱም በ1991 በፕሮፌሶር አሕመድ ሐሰን ፈሐል የተቋቋመው የዚህ በሽታ መመርመሪያ ማእከል በዓለም የታወቀ ነበር። በ2023 በሱዳን የተነሣው ጦርነት ግን ያን ማእከል ከባድ ጕዳት አደረሰበት። የጎረቤት ብርሃን ሲጠፋ በራስ ቤት ኩራዝ ማብራት ያስፈልጋልና፥ በድንበሩ በዚህ ወገን ያሉት የጤና ባለሥልጣኖች ሕመም የሌለውን የእግር እብጠት ከመጀመሪያው እንዲመለከቱት፥ ለሠራተኛውም ጫማ እንዲያስቡለት ይገባል። አንድ ጥንድ ጫማ እግርን ከመቍረጥና ሰው ሠራሽ እግርን ከመሥራት እጅግ ይረክሳል።

በከተማ ያለው ባለሥልጣንም ነገሩ የቆላ ገበሬ ነገር ብቻ ነው ብሎ እንዳይታለል። በስኳር በሽታ ምክንያት እግራቸው የሚቈረጥ ሰዎች በከተማ ብዙዎች ናቸው። ቍስሉ ከጣት ይጀምራል፤ ሕመሙ ስለማይሰማም ቸል ይባላል፤ ቸልታውም እስከ ጕልበት ይደርሳል። በየማታው እግርን አጥቦ መመልከት ታላቅ ጥበብ አይደለም፤ ነገር ግን እግርን ያድናል።

አካላቸው አስቀድሞ ለጐደለባቸው ደግሞ ዛሬ ያለው እርዳታ የሰው እጅ ሥራ ነው። በባሕር ዳርና በሌሎችም ከተሞች ሰው ሠራሽ እግር የሚሠሩ ተቋሞች አሉ። በእግሩ ቆሞ የሚሄድ፥ ሥራ የሚሠራ፥ ልጁንም የሚያሳድግ ሰው ከእነዚህ ተቋሞች ይወጣል። ጭንቁ ግን መንገዱ ነው። ከገንዳ ውሃ ተነሥቶ እስከዚያ ለመድረስ ገንዘብና አጋዥ ያስፈልጋል፤ እግሩ የተለካለትም ሰው ለማስተካከል ደግሞ ደጋግሞ መመለስ አለበት። በሰሊጥ ብዙ ሀብት የሚያገኝ አገር ለዚህ ጥቂት ገንዘብ ቢለይ፥ አጥቢያውም ቁርባኑንና ምጽዋቱን በሚሰበስብበት ጊዜ አንድ ጐዶሎ ወንድም ለሚሄድበት መንገድ ቢያስብ፥ የሚሠራው ሥራ በዓይን የሚታይ ይሆናል።

ካህናቱ በዚህ ነገር የሚሠሩት ሥራ ከማንም ይልቅ የላቀ ነው። የቆላው ሠራተኛ ሐኪሙን ሳያይ ካህኑን ያያል፤ ቍስሉንም ከሐኪሙ በፊት ለካህኑ ይነግራል። ጸበል የሚጠመቀው በሽተኛ ጸበሉንም መድኃኒቱንም ሁለቱንም እንዲወስድ የሚመክር ካህን ብዙ እግር ያድናል። የመጀመሪያው የሰላማንድራ መርማሪ ቄስ እንደ ነበሩም አይዘነጋ፤ ተፈጥሮን መመልከት ከክህነት ጋር አልተጣላም።

በመጨረሻም የትምህርቱ ነገር አለ። ዶክቶር ሙኒዮካ አንዲት የጣት አጥንትን ይዘው ብዙ ዓመት ቈዩ። ዶክቶር ሳይፈርትና ባልደረባቸው ኪያማ ሌላው ሰው በዱላ የሚያሳድዳትን አይጥ በጥሞና ተመለከቱ። ከሁለቱ ሥራ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ይኸውም ታናሽ ነገርን አለመናቅና በጥያቄ ላይ መጽናት ነው። በገንዳ ውሃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች በጎንደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቴ ገብተው ሊቃውንት ሊሆኑ ይችላሉ። የቆላቸውን እንስሳና ዕፀዋት ከሌላ አገር ሰው አብልጠው የሚያውቁ እነርሱ ናቸው። የእጣኑ ዛፍ ቍስሉን እንዴት እንደሚዘጋ፥ የድንጋዩ አይጥ ቆዳዋን እንዴት እንደምትመልስ፥ የሚመረምር ሰው ከዚያው ከቆላው ቢነሣ ምን ያስደንቃል? ናይሮቢ የቻለችውን ጎንደር የማትችልበት ምክንያት የለም። የሚያስፈልገው መጽሐፉ፥ መምህሩ፥ መሣሪያውና ትዕግሥቱ ነው፤ ከእነዚህም ሦስቱን ሹማምንት ሊሰጡ ይችላሉ፤ አራተኛውን ልጁ ራሱ ያመጣዋል።

የሰው እጅና እግር እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያቈጠቍጥበት ቀን ቢመጣ መልካም ነው፤ ለዚያ ቀን የሚደክሙትም ሊቃውንት ምስጋና ይገባቸዋል። ያ ቀን እስኪመጣ ድረስ ግን በዚህ ዓመትም ሰሊጡ ይደርሳል፤ ማጭዱም ይሳላል፤ ጐልማሶቹም ከደጋ ይወርዳሉ። እያንዳንዳቸው ሁለት እጅና ሁለት እግር ይዘው መጥተዋል። ከአጨዳውም በኋላ ወደ እናቶቻቸው ቤት ሁለት እጅና ሁለት እግር ይዘው እንዲመለሱ ማድረግ አዲስ ግኝት የሚያስፈልገው ነገር አይደለም፤ የታወቀውን መፈጸም ብቻ ነው።